‹‹ሲስተም የለም›› ሲባል ለምን ብሎ የሚጠይቅ ይኑር

ባለፈው የቡና ወቅት ለሥራ ጉዳይ ወደ ኢሉባቦር ሄጄ ነበር። ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው መቱ በዝናቧና በለምለምነቷ ትታወቃለች፤ ከኅዳር እስከ ጥር ግን መልኳ ሌላ ነው። ከያዩ፣ ከሁሩሙና ከጎሬ አቅጣጫ በአይሱዙም በጋማ ከብትም የሚመጣው ጀንፈል በየመጋዘኑ በር ይራገፋል። ሚዛን አይቆምም፤ የጥሬ ገንዘብ ፍላጎትም አይቆምም። ገበሬው ቡናውን አስረክቦ ገንዘቡን ቆጥሮ ሳይቀበል ወደ ቤቱ መመለስ አይፈልግም። ባዶ እጁን ከተመለሰ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ቡናውን ይዞ የሚሄደው ወደ ጎረቤት ነጋዴ ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስሙን በማልጠቅሰው ባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ ተሰልፌ ቆሜያለሁ። ከፊቴ የነበሩት አብዛኞቹ ቡና አቅራቢዎች ናቸው። ከመስኮቱ በስተጀርባ የተቀመጠችው ገንዘብ ከፋይ ቀና ሳትል ‹‹ሲስተም የለም›› አለች። ማንም ምንም አላለም። ይህች ሁለት ቃል በአገራችን እንደ ዝናብና እንደ ፀሐይ የተፈጥሮ ጉዳይ ተደርጋ ከተወሰደች ቆይታለች። አንዱ ‹‹መብራት ይሆናል›› አለ፤ ሌላው ‹‹ኔትወርክ ነው›› አለ፤ ሦስተኛው ጋቢውን አስተካክሎ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

እኔ ግን ሙያዬ መጠየቅ ስለሆነ የቅርንጫፉን ወጣት የኮምፒዩተር ባለሙያ ፈልጌ ጠየቅሁት። መብራትም አለ፣ ኔትወርክም አለ። ጉዳዩ ሌላ ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት መረጃ በሚቀመጥባቸው ሰርቨሮች ላይ የደህንነት ማሻሻያ እየተጫነ ነው። ሥራው ቅዳሜ ሌሊት ተጀምሮ እሑድ ማለቅ ነበረበት፤ አላለቀም። አገልግሎቱ የተመለሰው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነበር።

ከእኔ ፊት የቆሙት በዕድሜ ጠና ያሉ አቅራቢ መልሱን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለት አይሱዙ ተከራይተው ውጭ አቁመዋል፤ ከያዩ በኩል የመጡ ገበሬዎች መጋዘናቸው በር ላይ ይጠብቃሉ። ‹‹ልጄ፣ ሲሠራ የከረመውን ነገር ምን ያነካካቸዋል?›› አሉኝ።

እኚህ ሰው ያሉትን፣ በአነጋገር ይለይ እንጂ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከአክሲዮን ባለቤቶችም ከድርጅት ሥራ አስኪያጆችም አፍ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ይህን ጽሑፍ እንዳቀርብ ያነሳሳኝም ይኸው ነው። የሰውዬው ብስጭት ተገቢ ነው፤ ጥያቄያቸው ግን በእኔ እምነት ተገልብጧል። ሊያስቆጣን የሚገባው ሰርቨሩ መነካቱ አይደለም፤ ሳይነገረን መነካቱ ነው። ከዚያም የባሰው ለወራትና ለዓመታት ሳይነካ መቅረቱ ነው።

የማይታየው መጋዘን

ነገሩን በቡና ነጋዴ ቋንቋ ላስረዳ። ሰርቨር ውስጥ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጋር አብረው የሚመጡና ሥራቸው መረጃን ማስቀመጥ ብቻ የሆነ ሶፍትዌሮች አሉ። አንዱ ዲስኩን ይከፋፍላል፣ አንዱ ፋይሉን ይጽፋል፣ አንዱ ደግሞ ፋይሉን በኔትወርክ ለሌሎች ኮምፒዩተሮች ያካፍላል። እነዚህ የመጋዘን ሠራተኞች ናቸው ማለት ይቻላል። አንዱ ጆንያ ይደረድራል፣ ሌላው ቁልፍ ይይዛል፣ ሦስተኛው በደረሰኝ ያስወጣል። በባንክ ያለው ገንዘባችን ጥሬው የትም ይሁን የት፣ የእኛ ለመሆኑ ማስረጃው ያለው እነዚህ ሠራተኞች እጅ ላይ ነው።

አሁን መጋዘን ጠባቂው አንድ ድክመት አለበት እንበል። ደረሰኙን አይቶ፣ ፊርማውን አመሳክሮ የሚያስወጣ ታማኝ ሰው ነው። ነገር ግን አንድ ሰው በተወሰነ አኳኋን፣ በተወሰነ የቃላት ቅደም ተከተል ካነጋገረው ደረሰኝ መጠየቁን ይረሳል። ለዓመታት ይህን ድክመት የሚያውቅ የለም፤ ጠባቂው ራሱም አያውቅም። ቡናው አይጠፋም፤ ሁሉም ‹‹መጋዘናችን ደህና ነው›› ይላል። አንድ ቀን አንድ ሰው ያገኘዋል። የሶፍትዌር የደህንነት ቀዳዳ የሚባለው ይህንን የመሰለ ነገር ነው። ቀዳዳውን የሚዘጋው ቁራጭ ሶፍትዌር በባለሙያዎች ዘንድ ፓች ይባላል፤ በእኛ መጣፊያ እንበለው። ልብስ ሲቀደድ እንደሚጣፈው ማለት ነው።

ምሳሌው ከአየር የተቀዳ አይደለም። በሰኔ 2017 ዓ.ም. ኳሊስ የተባለው የአሜሪካ የደህንነት ኩባንያ ተመራማሪዎች በሊኑክስ ላይ የሚሠራው ዩዲስክስ የተሰኘ የዲስክ አስተዳዳሪ ከሥሩ ባለው ሊብብሎክዴቭ በተባለ አጋዡ በኩል ቀዳዳ እንዳለበት ይፋ አደረጉ። ዩዲስክስ በአብዛኞቹ የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ ሳይጠየቅ አብሮ የሚገኝ ነው። ቀዳዳው ከውጭ በቀጥታ ሰብሮ ለመግባት አያገለግልም፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ በተራ ተጠቃሚነት እግሩን ያስገባ ሰው የሰርቨሩ ሙሉ አዛዥ ለመሆን ይጠቀምበታል። ዲስክ ከማደላደል ያለፈ ሥራ የለውም የተባለው ሠራተኛ የመጋዘኑን ቁልፍ በሙሉ የሚያስረክብ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። መጣፊያው ወዲያው ወጥቷል፤ ዋጋውም ምንም ነው። ስንት የአገራችን ድርጅት ጫነው?

ከዚያ ቀደም ብሎ በግንቦት 2009 ዓ.ም. ሳምባ በተባለው፣ የሊኑክስ ሰርቨር ፋይሎቹን ለዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች በሚያካፍልበት ሶፍትዌር ላይ የተገኘው ቀዳዳ ደግሞ ከሰባት ዓመት በፊት ከወጣ ስሪት ጀምሮ የነበረ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ‹‹ሲሠራ የከረመ›› ነበር።

ሃምሳ ዘጠኝ ቀን

ለነጋዴ ጊዜ ገንዘብ ነውና ስለጊዜ እናውራ። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ፋይል በሚያካፍልበት ክፍል ላይ የነበረውን ከባድ ቀዳዳ የሚዘጋ መጣፊያ ያወጣው መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ነበር። አንድ ወር ቆይቶ በዚያ ቀዳዳ የሚገባው የአሜሪካ ብሔራዊ የደህንነት ኤጀንሲ መሣሪያ ተሰርቆ በአደባባይ ተበተነ። ግንቦት 4 ቀን ዋናክራይ የተባለው ፋይል እየቆለፈ ማስለቀቂያ ገንዘብ የሚጠይቅ ሶፍትዌር ተለቀቀ። በጥቂት ቀናት ውስጥ በ150 አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒዩተሮች ተያዙ። የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ወደ 19 ሺህ የሚደርስ የሕክምና ቀጠሮ ሰረዘ፤ የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር የጉዳቱን ግምት 92 ሚሊዮን ፓውንድ አድርሶታል። የሚገርመው የተራቀቀ ጥበብ አለመጠየቁ ነው። የአገሪቱ ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት እንዳረጋገጠው ሆስፒታሎቹ የወጣውን መጣፊያ ቢጭኑ ኖሮ ሊከላከሉት ይችሉ ነበር።

መጣፊያው ወጥቶ ጥቃቱ እስኪደርስ የነበረው ጊዜ 59 ቀን ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። መጣፊያ በወጣ ዕለት ቀዳዳውም አብሮ ታወጀ። ሌባው የድሮውንና የአዲሱን ሶፍትዌር አመሳክሮ ልዩነቱን ሲያይ ቀዳዳው የት እንደነበረ ይረዳል። ስለዚህ ሳይጣፍ የሚውል እያንዳንዱ ቀን ከመታወጁ በፊት ከነበረው ቀን የከፋ ነው። ‹‹እስካሁን ምን ደረሰብን?›› የሚለው ክርክር የማይሠራውም ለዚህ ነው። ትናንት ሌባው አያውቅም ነበር፤ ዛሬ ያውቃል።

ሁለት ዓመት የቆዩም አሉ። ቪኤምዌር የተባለው ኩባንያ በርካታ ሰርቨሮችን በአንድ ማሽን ላይ ለሚያኖረው ሶፍትዌሩ በየካቲት 2013 ዓ.ም. መጣፊያ አወጣ። በጥር 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በዚያው ቀዳዳ የገቡ ወንበዴዎች በዓለም ዙሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ ማሽኖችን የዲስክ ፋይሎች ቆለፉ።

የመጋቢት 2016ቱ ፍርሃት

አንባቢ እዚህ ላይ አቋርጦ እንዲህ ሊለኝ እንደሚችል አውቃለሁ፦ ‹‹አንተ አንካኩ ትላለህ፤ የንግድ ባንክንስ ምን ልትለው ነው?›› ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሳላነሳው ባልፍ ታማኝ አልሆንም።

ዓርብ መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለቅዳሜ አጥቢያ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ስህተት ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለው በላይ ማውጣትና ማዘዋወር ቻሉ። ወሬው በተለይ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል በስልክ ተዛመተ፤ ከመቱ በበደሌ በኩል ጎረቤት በሆነችው ጅማ ተማሪዎች በሌሊት ኤቲኤም ደጃፍ ተሰለፉ። ባንኩ በነጋታው ለሰዓታት አገልግሎት አቋረጠ። ብሔራዊ ባንክ ችግሩ በመደበኛ የጥገናና የፍተሻ ሥራ ወቅት የተፈጠረ መሆኑን ገለጸ። የንግድ ባንክ ፕሬዚዳንት አቶ አቤ ሳኖም የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ አስታውቀው፣ ያለአግባብ የወጣው ገንዘብ ወደ 801 ሚሊዮን ብር እንደሚደርስ ተናገሩ። ገንዘቡን ለማስመለስ የወሰዱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ እስከ መለጠፍ ተደርሷል። አብዛኛው ተመልሷል።

ይህ ክስተት በአገራችን የኮምፒዩተር ክፍሎች ውስጥ ትቶት ያለፈው ነገር ከ801 ሚሊዮኑ ብር ይልቅ ያሳስበኛል። ፍርሃት ነው። ከዚያ ወዲህ ያነጋገርኳቸው ባለሙያዎች የሚሉት ተመሳሳይ ነው፤ አለቆቻቸው ማሻሻያ የሚል ወረቀት ሲቀርብላቸው ብዕራቸውን ያስቀምጣሉ። ‹‹እንደዚያ ባንክ ልታደርጉን ነው?›› ይባላሉ። በሌላ አነጋገር የተወሰደው ትምህርት ‹‹አትንኩ›› የሚል ሆኗል።

ይህ የተሳሳተ ትምህርት ነው። አንድ ሹፌር ፍሬን ሲያስጠግን ጋራዡ አበላሽቶት አደጋ ቢደርስበት ሌሎች ሹፌሮች ሊማሩት የሚገባው ፍሬን አለማስጠገንን አይደለም፤ ከጋራዥ ሲወጡ ቀስ ብለው ፈትነው ወደ አውራ ጎዳና መግባትን ነው። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው ኩባንያ የላከው የተበላሸ ማሻሻያ በዓለም ዙሪያ 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮችን በአንድ ቀን ጸጥ ያሰኘውም ማሻሻያ በመሆኑ አልነበረም። ለሁሉም በአንድ ጊዜ በመላኩ ነው። መጀመሪያ ለጥቂቶች ተልኮ ቢታይ ኖሮ ጉዳቱ በእነዚያው ይቆም ነበር።

መደረግ ያለበትን ባለሙያዎቹ ያውቁታል። ከዋናው ሰርቨር ጋር የሚመሳሰል የመሞከሪያ ሰርቨር ይኖራል፤ መጣፊያው መጀመሪያ እዚያ ላይ ይጫናል፣ ቀጥሎ ጉዳት ቢደርስ ብዙ በማይጎዳበት ቦታ፣ ከዚያ በኋላ በዋናው ላይ። ከመጀመሩ በፊት የመረጃው ቅጂ ይወሰዳል፤ ቅጂውም ከኔትወርክ ተነጥሎ ይቀመጣል። ካልሆነ ወንበዴው ከዋናው ጋር አብሮ ይቆልፈዋል። ሥራው ሲበላሽ ወደነበረበት የሚመለስበት መንገድና የሚመለስበት ሰዓት አስቀድሞ ይወሰናል። ‹‹እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ድረስ ካላለቀ ትተን ወደ ድሮው እንመለሳለን›› የሚል ቃል ቢኖር ኖሮ የመቱ ነጋዴዎች ሰኞ ጠዋት አይቆሙም ነበር። ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል፤ የሚጠይቀው ገንዘብ ግን ለአንድ የባንክ ሕንፃ ምረቃ ከሚወጣው ይበልጣል ብሎ ለማመን ይቸግረኛል።

ወጪው የማን ነው?

ኢኮኖሚክስ ስንማር አንዱ የሚያደርገው ሌላው የሚከፍለው ወጪ ገበያን እንደሚያዛባ ተምረናል። የሰርቨር ጥገና ጉዳይ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አንድ የኮምፒዩተር ክፍል ኃላፊ ለጥገና ብሎ አገልግሎቱን ለሦስት ሰዓት ቢዘጋ ሁሉም ሰው ያየዋል፤ ደንበኛ ይጮኻል፣ አለቃ ይደውላል። ሳይዘጋ ቢቀርና ቀዳዳው ክፍት ሆኖ ቢከርም ማንም አያየውም። አደጋ ከደረሰ ደግሞ ዋናውን ጉዳት የሚሸከመው እርሱ አይደለም፤ ገንዘቡን በቀኑ ያላገኘው የቡና አቅራቢ፣ ቡናውን በር ላይ ይዞ የተቀመጠው ገበሬ፣ ትርፉ የቀነሰበት ባለአክሲዮን ነው። እንግዲህ ጥገናው ቅጣት፣ ዝምታው ሽልማት በሆነበት ቤት ውስጥ ሰው ዝም ቢል ምን ይፈረድበታል?

ይህን ሚዛን ሊያስተካክል የሚችለው የሚከፍለው ወገን ነው። ማለትም እኛ።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልሂድ። ከመቱ አጠገብ ያለችው ጎሬ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት ቡና በጋምቤላ በኩል በባሮ ወንዝ ጀልባ ወደ ሱዳን ሲጫን የግሪክ፣ የአርመንና የሶርያ ነጋዴዎች ሱቅ የከፈቱባት ከተማ ነበረች። ያኔ ዕዳና ብድሩ የሰፈረው በደብተር ነው። ደብተሩ ቢጠፋ የሚጎዱት ባለሱቁና ደንበኞቹ ናቸው። ዛሬ ግን አንድ ሰርቨር ላይ የመቱም የበደሌም የመርካቶም ደብተር አንድ ላይ ተጠርዟል። ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በበደሌ መጋዘኑ ቡና ተረክቦ ለባለቤቱ የሚሰጠው ደረሰኝ ዋጋ ያለው በኤሌክትሮኒክ መዝገብ ላይ ስለሰፈረ ነው። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያም እንደዚሁ ነው፤ እዚያ የሚገዛና የሚሸጥ አክሲዮን ወረቀት ሳይሆን መዝገብ ላይ ያለ ቁጥር ነው። ደላላ የሚሸጠው፣ ባለሀብት የሚገዛው ያንኑ ቁጥር ነው። ቁጥሩን የሚጠብቀው የመጋዘን ሠራተኛ ቀዳዳ እንዳለበትና እንደሌለበት አለመጠየቅ ቡናውን ሳይቀምሱ እንደመግዛት ይሆናል።

የራሳችንስ ቤት?

ባንክን ብቻ መውቀስ ደግሞ ፍትሐዊ አይሆንም። እዚያው መቱ ውስጥ አንድ የጅምላ ንግድ ድርጅት ቢሮ ገብቼ የሒሳብ ሠራተኛዋ የምትሠራበትን አየሁ። ከደረጃ ሥር አቧራ የጠጣ ሰርቨር አለ። በላዩ ላይ ፒችትሪ ተጭኗል፤ ሦስት ኮምፒዩተሮች የጋራ ፎልደሩን ከፍተው ይጽፉበታል። ዊንዶውሱ ክራክ የተደረገ ነው፤ ማሻሻያው በትእዛዝ ተዘግቷል። ለምን ተዘጋ ስል ‹‹ከተከፈተ ክራኩ ይነቃል›› ተባልኩ። በሌላ አነጋገር የመጋዘኑ በር እንዳይዘጋ ድንጋይ ተደርጎበታል፤ ምክንያቱም መቆለፊያው የተሰረቀ ነው። ቅጂ የሚወሰደው በፍላሽ ነው፤ ፍላሹም ቀኑን ሙሉ ከሰርቨሩ ላይ ተሰክቶ ይውላል።

እንዲህ ያለው ቢሮ በመቱ ብቻ አይደለም ያለው፤ ቦሌም መርካቶም ሞልቷል። ልዩነቱ በመቱ የሚያስጠግነው ሰው ከአዲስ አበባ የሚመጣ መሆኑ ነው። ለአንድ መጣፊያ ብሎ 600 ኪሎ ሜትር የአውቶቡስ ጉዞና አልጋ የሚከፍል ባለሱቅ የለም፤ ስለዚህ ባለሙያው የሚጠራው ሁሉም ነገር ከቆመ በኋላ ነው።

የፈቃድ ዋጋው ጉዳይ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ የዊንዶውስ ሰርቨር ፈቃድም በዶላር ነው የሚሸጠው። ነገር ግን ሌላው ወገንም መታየት አለበት። ለዊንዶውስ ሰርቨር 2012 ማይክሮሶፍት ሲሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ በመስከረም 2016 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ተጨማሪ ክፍያ ካልተፈጸመ በስተቀር ከዚያ ወዲህ ለተገኘ ቀዳዳ መጣፊያ አይደርሰውም። ፈቃድ መግዛት ለማይችል ድርጅት ሊኑክስ በነፃ አለ፤ መጣፊያውም በነፃ ነው። የሚጠይቀው የሚያውቅ ሰው ነው። መቱ ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አላት። አምስት ስድስት ነጋዴዎች ተባብረው ለአንድ የከተማው ወጣት ምሩቅ በየወሩ ደመወዝ ቢከፍሉና የሁሉንም ሰርቨር በየሳምንቱ እየዞረ ቢጥፍ፣ ቅጂውን ወስዶ ነቅሎ ቢያስቀምጥ፣ ለእያንዳንዳቸው የሚደርሰው ወጪ ለአንድ ዘበኛ ከሚከፍሉት የሚበልጥ አይመስለኝም። ዘበኛ የሌለው የቡና መጋዘን ግን በኢሉባቦር አላየሁም።

በጉባኤ ላይ ይጠየቅ

የባንኮች የባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። አዳራሽ ተሞልቶ ስለትርፍ ድርሻ ይጮኻል፣ ስለቦርድ ምርጫ ይጨቃጨቃል፣ ከዚያ ምሳ ይበላል። በብዙ ጉባኤዎች ላይ ተገኝቻለሁ፤ አንድ መጣፊያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ በባንኩ ሰርቨር ላይ እስኪጫን በአማካይ ስንት ቀን እንደሚፈጅ የጠየቀ ባለአክሲዮን ግን አላጋጠመኝም። መልሱ አንድ ቁጥር ነው። ኃላፊው ‹‹ሃያ ቀን›› ሊል ይችላል፤ ‹‹ሁለት መቶ ቀን›› ሊልም ይችላል። ቁጥሩን ካላወቀ እርሱ ራሱ መልስ ነው። ዋናክራይ የጠበቀው 59 ቀን መሆኑን ያስታወሰ ሰው በዚያ ቁጥር ላይ ተነስቶ መከራከር ይችላል። ደላሎችም የአንድን ባንክ አክሲዮን ለደንበኛ ሲያቀርቡ ይህን ቁጥር ከብድር ጤንነት ጎን ቢያስቀምጡት ነውር የለበትም።

ሁለተኛው ጥያቄ የሰዓቱ ነው። ጥገና የሚደረግበት ቋሚ ሰዓት ለምን አይታወጅም? በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ ሌሊት ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ይዘጋል ቢባል ሁሉም ይለምደዋል፤ ሆቴሉም፣ ነዳጅ ማደያውም፣ ቡና አቅራቢውም ጥሬ ገንዘቡን አስቀድሞ ያዘጋጃል። ከባድ የሆኑ፣ ቀናት የሚፈጁ ለውጦች ደግሞ ወደ ሐምሌና ነሐሴ ሊዛወሩ ይችላሉ፤ በኢሉባቦር ያኔ ዝናቡ እንጂ ገበያው አይበረታም። አስቸኳይ መጣፊያ ሲወጣ ግን ወቅት አይመረጥም፤ ለእርሱም ቢሆን የግማሽ ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት የሚያቅት አይመስለኝም። ሌባ ይሰማል የሚል ሰበብ ሰምቻለሁ። ሌባው ቀዳዳውን የሚያውቀው ከመጣፊያው እንጂ ከባንኩ ማስታወቂያ አይደለም፤ ማስታወቂያው የትኛው ሶፍትዌር እንደሚጣፍ መዘርዘርም የለበትም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ነጋዴውንም አንድ ነገር ይጠይቃል። በታወጀ ሰዓት የሚዘጋን ባንክ በመዝጋቱ አትቅጡት። ገንዘባችሁን ነቅላችሁ ወደማይዘጋው ጎረቤቱ ስትወስዱ የምትሸልሙት የማይጠግነውን ሊሆን ይችላል።

ያን ሰኞ ማታ እኚያን አቅራቢ አንዲት ሻይ ቤት ውስጥ አገኘኋቸው። አንደኛው አይሱዙ ባዶውን ተመልሷል፤ ለሌላኛው ጭነት ከወንድማቸው ተበድረው ከፍለዋል። ከገበሬዎቹ ሦስቱ ቡናቸውን ለሌላ ሸጠዋል። ‹‹ጋሼ፣ ቅዳሜ ቀደም ብለው ቢነግሩዎት ኖሮስ?›› አልኳቸው።

‹‹ዓርብ ከሰዓት አወጣ ነበራ›› አሉ። ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ከዚያው ባንክ የመጡትን የጽሑፍ መልእክቶች አሳዩኝ። ለእንቁጣጣሽ እንኳን አደረሰዎ ብሏል፤ ለመስቀል፣ ለመውሊድም ልኳል። አዲስ ስለተከፈተ ቅርንጫፍም አለ። ወደ ታች እየገፉ እስከ መጨረሻው አሳዩኝና ስልኩን ወደ ኪሳቸው መለሱት።